ሰማይን ከድሬዳዋ ሆኖ ማጥናት፦ ስበት፣ ጨረቃ፣ የባሕር ሙላትና ተወርዋሪ ኮከብ ለተማሪዎች

በመጽሐፍና በኢንተርኔት ሥዕሎች ላይ አዲስ ጨረቃ ብዙ ጊዜ ቆማ ነው የምትሳለው። አንዱ ጫፏ ወደ ሰማይ፣ ሌላው ወደ ምድር። ድሬዳዋ ላይ ፀሐይ ስትገባ ወጣ ብላችሁ ስታዩዋት ግን ተኝታለች። ሁለቱም ጫፎቿ እንደ በሬ ቀንድ ወደ ላይ ናቸው። ተማሪ ይህን ሲያይ ወይ መጽሐፉን ይጠራጠራል፣ ወይ ዓይኑን። ጥፋቱ የማንም አይደለም። ሥዕሎቹ የሚሳሉት ከምድር ወገብ ርቀው ባሉ አገሮች ነው። ድሬዳዋ ያለችው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9.6 ዲግሪ ላይ ነው። እዚህ ፀሐይም ጨረቃም ወደ አድማስ የሚወርዱት ከሞላ ጎደል ቀጥ ብለው ነው። ፀሐይ ገብታ ጨረቃ ከበላይዋ ስትቀር ብርሃኑ የሚያርፍባት ከሥሯ ነው።

ስለዚህ ሥነ ፈለክን የሚማር የድሬ ልጅ ከራሱ ሰማይ መጀመር አለበት ብዬ አምናለሁ። ቴሌስኮፕ የለንም ብሎ መቀመጥ አያስፈልግም። ክር፣ ዳዶ፣ ሎሚ፣ መንደሪን፣ ደብተርና ሰዓት የሚቆጥር ስልክ ይበቃል። ሥራዎቹን በቅደም ተከተል ሥሩ። ስበት ሳይገባ ጨረቃ አትገባም፤ ጨረቃ ሳትገባ ደግሞ የባሕሩ ነገር አይያዝም።

ከዚያ በፊት አንድ ቀላል ማሟሟቂያ። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሚያዝያ 7 እና ነሐሴ 22 አካባቢ፣ ቀትር ላይ ፀሐይ ልክ ከድሬዳዋ አናት በላይ ትሆናለች። ሰዓቱ ከቀኑ 6 ከ13 ደቂቃ ገደማ ነው። በዚያች ደቂቃ ቀጥ ብሎ የቆመ እንጨት ጥላ የለውም። እንጨቱን በውሃ ልክ ወይም በቱንቢ አቁሙና ጠብቁ። ነሐሴ ላይ ደመና ሊያስቸግር ይችላል፤ የሚያዝያው ይሻላል። አውሮፓ ያለ ተማሪ ይህን በአገሩ ፈጽሞ አያየውም።

ስበት፦ በክርና በዳዶ

ቁስ ያለው ነገር ሁሉ ሌላውን ይስባል። የስበቱን መጠን የሚወስኑት መጠነ ቁስና ርቀት ናቸው። መጠነ ቁሱ ሲጨምር ስበቱ ይጨምራል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ስበቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። ኒውተን ይህን ሕግ ያሳተመው በ1687 እ.ኤ.አ. ነው።

መጀመሪያ አጭሯን ሙከራ ሥሩ። መጽሐፍና ወረቀት ለየብቻ ጣሉ። ወረቀቱ ይዘገያል። አሁን ወረቀቱን መጽሐፉ ላይ አስቀምጡና ጣሉት፤ ወረቀቱ ከጠርዙ አይለፍ። አብረው ይወርዳሉ። ወረቀቱን ሲያዘገየው የነበረው አየር ነው። በ1971 እ.ኤ.አ. የአፖሎ 15 ጠፈርተኛ ዴቪድ ስኮት አየር በሌለባት ጨረቃ ላይ መዶሻና ላባ ለቆ እኩል ሲወድቁ አሳይቷል።

ዋናው ሥራ የድሬዳዋን ስበት በራሳችሁ እጅ መለካት ነው። ከጋራዥ አንድ ወፍራም ዳዶ ለምኑና በክር እሰሩት። በር መቃን ላይ ሚስማር መትታችሁ አንጠልጥሉት። ከሚስማሩ እስከ ዳዶው መሐል ልክ 1 ሜትር ይሁን። እስከ ክሩ ቋጠሮ ብቻ ከለካችሁ ውጤቱ ይዛባል። ዳዶውን ከግማሽ ስንዝር ባልበለጠ ወደ ጎን ሳቡና ልቀቁት፤ አትግፉት።

ሲለቀቅ “ዜሮ” በሉ፣ ሰዓቱንም አስጀምሩ። ሄዶ ወደ ተለቀቀበት ሲመለስ “አንድ” በሉ። እስከ 20 ቁጠሩና ሰዓቱን አቁሙ። “አንድ” ብሎ የሚጀምር ሰው የሚቆጥረው 19 ምልልስ ብቻ ነው፤ በመጨረሻ 9.8 መምጣት ሲገባው ወደ 10.8 ይመጣበታል። ክፍል ውስጥ አሥር ቡድን ሲሠራ ሁለት ሦስቱ እዚህ ላይ ይወድቃሉ፣ ስለዚህ አንዱ ቆጣሪ፣ ሌላው ተቆጣጣሪ ይሁን።

ስሌቱ እንዲህ ነው። ጠቅላላውን ሰከንድ ለ20 አካፍሉ፤ የአንድ ምልልስ ጊዜ ይገኛል። እሱን በራሱ አባዙት። ከዚያ 39.5ን በክሩ ርዝመት አባዝታችሁ ለዚያ ቁጥር አካፍሉ። 40.2 ሰከንድ ካገኛችሁ የአንዱ ምልልስ 2.01 ነው፣ ውጤቱም 9.78 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ይሆናል። ለድሬዳዋ ትክክለኛው ቁጥር ይኸው ነው። ሐረር ከድሬዳዋ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስላለች እዚያ ስበቱ በጥቂቱ ይቀንሳል፤ ልዩነቱ ግን 0.02 በመቶ ብቻ ስለሆነ በክርና በስልክ አይያዝም።

አሁን ዳዶውን ሁለት አድርጉት። ጊዜው አይለወጥም። ክሩን 25 ሳንቲ ሜትር አድርጉት፣ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። ለምን? ደብተራችሁ ላይ ካለው ቀመር ራሳችሁ አውጡት።

ይህ ስበት እስከ ጨረቃ ይደርሳል። ጨረቃ ከምድር መሐል ያላት ርቀት እኛ ከምድር መሐል ካለን ርቀት 60 እጥፍ ገደማ ነው። 60 በ60 ሲባዛ 3,600። ስለዚህ እዚያ የምድር ስበት 9.8 ሲካፈል ለ3,600፣ ማለትም 0.0027 ነው። በዚህ ስሌት ጨረቃ በአንድ ሰከንድ ወደ ምድር የምትወድቀው 1.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በዚያችው ሰከንድ ግን ወደ ጎን 1 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች። ወደ እኛ ሁልጊዜ እየወደቀች ሁልጊዜ የምታመልጠን በዚህ ነው። ዙረት ማለት ይኸው ነው።

ጨረቃ፦ የአንድ ወር ደብተር

በመጀመሪያ ርቀቱ ይግባችሁ። 1,000 ኪሎ ሜትርን በ1 ሳንቲ ሜትር ተኩት። ምድር 12.7 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላት ኳስ ትሆናለች። ጨረቃ 3.5 ሳንቲ ሜትር፣ ትንሽ ሎሚ። ኳሱን መሬት ላይ አስቀምጡና ጓደኛችሁ ሎሚውን ትክክል ነው ባለው ርቀት እንዲያስቀምጥ ጠይቁት። አብዛኛው ሰው ክንድ ሁለት ክንድ ያርቀዋል። ትክክለኛው 3 ሜትር ከ84 ሳንቲ ሜትር ነው። ፀሐይ በዚሁ መጠን 14 ሜትር ስፋት ኖሯት ከኳሱ 1 ኪሎ ሜትር ተኩል ትርቃለች።

ቀጥሎ መብራቱ። ማታ ክፍሉን አጨልማችሁ አንድ አምፖል ብቻ አብሩ። አምፖሉ ፀሐይ ነው፣ የእናንተ ጭንቅላት ምድር፣ እርሳስ ላይ የተሰካ መንደሪን ደግሞ ጨረቃ። መንደሪኑን ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ያዙና ወደ ግራ ቀስ እያላችሁ ዙሩ። ወደ አምፖሉ ስትዞሩ የሚታያችሁ ጨለማው ፊት ነው። ጥቂት ስትዞሩ በቀኝ በኩል ቀጭን ብርሃን ይመጣል። ሩብ ዙር ላይ ግማሹ ይበራል። ጀርባችሁን ለአምፖሉ ስትሰጡ ሙሉ ይሆናል፤ ግን ከራሳችሁ ጥላ ከፍ አድርጋችሁ ያዙት።

እዚህ ላይ ቆም በሉ፣ ብዙ ተማሪ የሚስተው ይህን ነው። የጨረቃ መጉደል የምድር ጥላ አይደለም። መንደሪኑ ሁልጊዜ ግማሹ በርቷል። የተለወጠው እናንተ የምታዩት ጎን ነው። የራሳችሁ ጥላ መንደሪኑን የሚመታው ሙሉ ስትሆን ዝቅ ካደረጋችሁት ብቻ ነው፤ እሱ የጨረቃ ግርዶሽ ነው። የጨረቃ መንገድ 5 ዲግሪ ያህል ያዘነበለ ስለሆነ ግርዶሽ በየወሩ አይመጣም።

ስለ ግርዶሽ ካነሳን አንድ ማሳሰቢያ። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. (ኦገስት 2 ቀን 2027 እ.ኤ.አ.) የፀሐይ ግርዶሽ አለ፤ ከድሬዳዋ በከፊል ይታያል። በባዶ ዓይን፣ በፀሐይ መነጽር ወይም በራጅ ፊልም እንዳታዩት። ዓይን ሲቃጠል አያምም፣ ግን አይመለስም። ካርቶን በመርፌ በሱና የፀሐይዋን ምስል ነጭ ወረቀት ላይ አሳርፉ።

አሁን ወደ ደብተሩ። ቀጭኗ ጨረቃ በምዕራብ በታየችበት ምሽት ጀምሩ። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ውጡ፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት ጥሩ ነው። ቀኑን፣ አቅጣጫውን፣ ከአድማስ ያላትን ከፍታና ቅርጿን ጻፉ። ከፍታውን በጡጫ ለኩ። ክንድ ተዘርግቶ አንድ ጡጫ 10 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ትንሿ ጣት 1 ዲግሪ። ቅርጿን ስትስሉ ጫፎቿ ወዴት እንደሚያዩ በትክክል ሳሉ፣ መጽሐፍ ላይ ያያችሁትን አትድገሙ። ከታኅሣሥ እስከ ሰኔ ባሉት ወራት ይበልጥ ተኝታ ታገኟታላችሁ። መስከረም አካባቢ ወደ ጎን ዘንበል ትላለች። ሁለቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ተማሪ የምድርን ዘንግ ማዘንበል በእጁ ይዟል ማለት ነው።

በየቀኑ ወደ ምሥራቅ አንድ ጡጫና ከዚያ ትንሽ አለፍ ብላ ታገኟታላችሁ። ስለዚህ በአማካይ በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል እየዘገየች ትወጣለች። በሰባተኛ ስምንተኛው ቀን ፀሐይ ስትገባ አናት ላይ ናት። ሙሉ ስትሆን ፀሐይ በምዕራብ ስትገባ እሷ በምሥራቅ ትወጣለች። ከዚያ በኋላ በምሽት ፍለጋ አትድከሙ፤ ጠዋት ትምህርት ቤት ስትሄዱ በምዕራብ በኩል ገርጥታ ታገኟታላችሁ። ጨረቃ የሌሊት ብቻ ናት የሚለው አባባል እዚህ ላይ ይፈርሳል።

ዙሩ ሲሞላ 29 ቀን ተኩል ይሆናል። ይህን ቁጥር አገራችን ከጥንት ያውቀዋል። ሐረርና ድሬዳዋ ላይ የረመዳንና የሸዋል ጨረቃ በዓይን ስትፈለግ ያደገ ልጅ፣ ወሩ ለምን አንዴ 29 አንዴ 30 እንደሚሆን መልሱ እዚህ አለ። ከተወለደች 15 ሰዓት ያልሞላትን ጨረቃ በባዶ ዓይን ማየት እጅግ ከባድ ነው፤ ፈላጊዎቹ የሚያዩበት አቅጣጫና ሰዓት ሁሉ በዚህ ስሌት ውስጥ ነው። በባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም በቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር፣ በዓላት የሚወጡባቸው አበቅቴና መጥቅዕ የሚባሉት ቁጥሮች ሲደመሩ 30 የሚሆኑትም ከዚሁ ከጨረቃ ወር የተነሳ ነው። 19 ዓመት ከ235 የጨረቃ ወራት ጋር በጣም ስለሚቀራረብ አበቅቴ በ19 ዓመት ይዞራል። ቄሱንም ሼኩንም ጠይቁ፤ ሁለቱም ከመጽሐፋችሁ የማታገኙትን ይነግሯችኋል።

አንድ ቀላል ፈተና ደግሞ አለ። ሙሉ ጨረቃ ስትወጣ ግዙፍ ትመስላለች። ትንሿን ጣት ዘርግታችሁ ለኳት፣ የጣቱን ግማሽ ታህላለች። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ አናት ስትደርስ እንደገና ለኳት። ያው ናት። የተታለለው አእምሯችን ነው።

የባሕር ሙላትና ጉድለት፦ ከጅቡቲ ዘመድ ጋር

ድሬዳዋ ባሕር የላትም። ግን ባቡሩ ከተማዋን የቆረቆራት ከጅቡቲ ተነስቶ መጥቶ ነው፤ እዚያ ዘመድ የሌለው ድሬ ውስጥ ብዙ አይደለም። ለዚህ ሥራ ያ ዘመድ ያስፈልጋችኋል።

ጅቡቲ ላይ የባሕሩ ውሃ በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል። ከአንዱ ሙላት እስከ ቀጣዩ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ነው። ሁለት ጊዜ ስትደምሩት ከ24 ሰዓት 50 ደቂቃ ይተርፋል። ያቺ 50 ደቂቃ ከጨረቃ ደብተራችሁ የምታውቋት ናት። ባሕሩ የሚጠብቀው የጨረቃን ሰዓት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የጨረቃ ስበት በሁሉም የምድር ጎን እኩል አይደለም። ወደ እሷ የዞረው ባሕር ቅርብ ስለሆነ ከምድር መሐል ይበልጥ ይሳባል። በተቃራኒው ያለው ባሕር ሩቅ ስለሆነ ከምድር መሐል ያነሰ ይሳባል፣ ወደ ኋላ ይቀራል። ስለዚህ በሁለቱም ጎን ውሃው ይቆለላል። ምድር በራሷ ስትዞር አንድ ወደብ በቀን ሁለቱንም ቁልሎች ያገኛል።

ታዲያ ፀሐይስ? ይህን ስሌት ሥሩት፣ እኔ ከሁሉ የምወደው ይህን ነው። የፀሐይ መጠነ ቁስ ከጨረቃ 27 ሚሊዮን እጥፍ ነው። ርቀቷ 390 እጥፍ ገደማ። ተራ ስበት ሲሆን ርቀቱን በራሱ አንዴ አባዙ፦ 27 ሚሊዮን ሲካፈል ለ152,100፣ ወደ 178 ይመጣል። ምድርን በመሳብ ፀሐይ ጨረቃን 178 ጊዜ ትበልጣታለች ማለት ነው። የባሕሩ ሙላት ግን የሚመጣው በቅርብና በሩቅ ጎን መካከል ካለው የስበት ልዩነት ነው። ልዩነቱ በርቀት ሦስት ጊዜ ተባዝቶ ይቀንሳል። 390 በ390 በ390 ወደ 59 ሚሊዮን ነው። 27 ሲካፈል ለ59፣ 0.46። ስለዚህ በባሕር ጉዳይ የፀሐይ ድርሻ ከጨረቃ ግማሽ እንኳ አይሞላም። አቦ፣ ይህን በሰሌዳ ላይ የሠራ ተማሪ መቼም አይረሳውም።

አሁን ትንበያችሁን ጻፉ። ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ወይም ስትጠፋ ሦስቱ በአንድ መስመር ስለሚሆኑ ሙላቱ ከፍተኛ፣ ጉድለቱም ጥልቅ ይሆናል። ግማሽ ስትሆን ፀሐይና ጨረቃ በማዕዘን ስለሚስቡ ልዩነቱ ይጠባል። ጅቡቲ ለሚኖር ዘመድ ደውሉና ባሕሩ ዳር ወርዶ ውሃው ግድግዳው ላይ የደረሰበትን እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። ሙሉ ጨረቃ ከዋለች አንድ ሁለት ቀን በኋላ አንዴ፣ ከሳምንት በኋላ አንዴ፤ በየጊዜው ሙላቱንም ጉድለቱንም ፎቶ ያንሳ። በጠንካራው ጊዜ ልዩነቱ ከ2 ሜትር በላይ ሊደርስ ይችላል። የአንድ ቀን ሁለት ሙላቶች እኩል ካልሆኑ አትደንግጡ፤ የጨረቃ መንገድ ከምድር ወገብ ስለሚያዘነብል ነው። የባሕሩ ቅርጽም ይወስናል። ካናዳ ውስጥ በፈንዲ ባሕረ ሰላጤ ልዩነቱ እስከ 16 ሜትር ይደርሳል፣ ቀይ ባሕር መሐል ላይ ግን ከቁጥር አይገባም።

ባልዲና ሐይቅ ለምን አይሞሉም? ጠባብ ስለሆኑ ነው። በአንዱ ዳርና በሌላው ዳር ያለው የስበት ልዩነት ምንም ሊባል ጥቂት ነው። ሰውነታችን ውስጥ ያለው ውሃም እንዲሁ፤ ሙሉ ጨረቃ ደማችንን ትስባለች የሚሉትን አትመኑ።

ተወርዋሪ ኮከብ

ኮከብ አይደለም። አብዛኛው የአሸዋ ቅንጣት የሚያህል የሕዋ ትራፊ ነው። በሰከንድ ከ11 እስከ 72 ኪሎ ሜትር እየበረረ ከባቢ አየር ሲገባ፣ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ግሎ ያበራል። ምድር በየዓመቱ በአንድ ቦታ የምታልፍበት የትራፊ ጅረት ሲኖር በዚያ ሌሊት ብዙ ይታያል።

የታወቀው የነሐሴ 6 እና 7 የተወርዋሪ ኮከብ ዝናብ፣ ፐርሲድ፣ ለእኛ አይመችም፤ ክረምት ነው። የእኛው ጄሚኒድ ነው። ታኅሣሥ 4 ለ5 አጥቢያ ላይ ይበረታል፤ ጳጉሜ 6 ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ አንድ ቀን ይቀድማል። ያኔ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። መነሻው ፌቶን የሚባለው በ1983 እ.ኤ.አ. የተገኘ አስትሮይድ ነው። ሌላው ሚያዝያ 27 እና 28 አካባቢ ጎሕ ከመቅደዱ በፊት የሚታየው ነው። የሃሌይ ኮሜት ትራፊ ሲሆን፣ ከሰሜኑ አገሮች ይልቅ ለእኛ ይሻላል።

የጨረቃ ደብተራችሁን አስቀድማችሁ እዩ። በዚያ ሌሊት ጨረቃ ሙሉ ከሆነች ደካሞቹ አይታዩም። ከከዚራ የመንገድ መብራት ራቁ፤ የሰፈር መብራት ከጠፋ ደግሞ ለአንድ ሌሊት ፀጋ ነው። በወበቅ ወራት አልጋ ውጭ አውጥቶ መተኛት ለድሬ ልጅ አዲስ ስላልሆነ ግቢያችሁ ይበቃል። ፍራሹን ከማንጠፋችሁ በፊት ለጊንጥ አራግፉ። በደረቀው የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ግን በፍጹም አትተኙ። ዝናቡ ተራራ ላይ ዘንቦ እናንተ ዘንድ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ጎርፍ ሊመጣ ይችላል፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት የመጣው ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። ሐረር ያላችሁ ከግቢ አትውጡ። የሚያበላውን ሰው የለመደ ጅብ ሁሉን ሰው ለምዷል ማለት አይደለም።

ስልኩን አጥፉ። ዓይን ጨለማ ለመልመድ 20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፣ አንድ ጊዜ ስክሪን ማየት ሁሉን ያበላሻል። ለመጻፍ ባትሪ ካስፈለገ ቀይ ላስቲክ ሸፍኑበት። በጀርባ ተኝታችሁ ሰፊውን ሰማይ እዩ፤ አንድ ነጥብ ላይ አታፍጡ። የጄሚኒድ መነሻ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ በሰሜን ምሥራቅ ይወጣል፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ከፍ ብሎ ይቆማል፤ ከዚያ በፊትና በኋላ ያለው ሰዓት ነው ጥሩው። በየ15 ደቂቃው የታየውን ቁጥር ጻፉ። ለእያንዳንዱ መንገዱን ወደ ኋላ በዓይን ሳቡት፤ ከዚያው ከመነሻው ከመጣ ጄሚኒድ ነው፣ ካልሆነ ለብቻ ቁጠሩት። ቀስ ብሎ ለደቂቃዎች የሚሄድ ነጥብ ሳተላይት ነው፤ ብልጭ ብልጭ የሚለው አውሮፕላን።

ትልልቆቹ መሬት ይደርሳሉ። በጥቅምት 2008 እ.ኤ.አ. 4 ሜትር ገደማ የሚሰፋ አካል ሱዳን ሰማይ ላይ 37 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ፈነዳ። መሬት ከመድረሱ 20 ሰዓት ያህል ቀድሞ በቴሌስኮፕ ታይቶ ነበር፤ ከዚያ በፊት እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ከዚያ የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በዋዲ ሃልፋና በካርቱም መካከል ባለው የባቡር መስመር፣ ጣቢያ 6 አካባቢ ኑቢያ በረሃ ላይ ተሰልፈው እየሄዱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቁርጥራጮችን ለቀሙ። ተማሪዎች ናቸው ያገኙት።

እናንተም ከድሬ ወጣ ባለው ሜዳ አጠራጣሪ ድንጋይ ብታገኙ እንዲህ አድርጉ። ማግኔት አስጠጉበት፤ አብዛኛው የሰማይ ድንጋይ ብረት ስላለው ይስበዋል። ላዩ ላይ ስስ ጥቁር ቅርፊት አለው? ከመጠኑ ይልቅ ይከብዳል? አረፋ የሚመስል ቀዳዳ ካለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ወይም የብረት ማቅለጫ ዝቃጭ ነው፤ ጥቁሩ የአካባቢያችን ድንጋይ አንዳንዱ ማግኔት ስለሚስበው በማግኔት ብቻ አትፍረዱ። አትጠቡት፣ አትስበሩት። ከጎኑ ማስመሪያ አድርጋችሁ ባለበት ፎቶ አንሱት፣ ቦታውን በስልካችሁ ካርታ ያዙ፣ በንጹሕ ወረቀት ጠቅልላችሁ ከመምህራችሁ ጋር ጂኦሎጂ ለሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ አሳዩ።